ሙሴ ኢልግ፦ ለደብዳቤ መንገድ ያበጁት መሐንዲስ

ዘንድሮ በመጽሔታችን ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ ሰው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ናቸው። በኢትዮጵያ ሙሴ ኢልግ በሚለው ስም ይታወቃሉ። ብዙዎቻችን ስማቸውን የሰማነው ከምድር ባቡሩ ጋር ተያይዞ ነው። እኛ ግን ታሪካቸውን በደብዳቤ በኩል ልንነግራችሁ ወደድን። ባቡሩ ለምን እንዳስፈለገና ለምን ያን ያህል ክርክር እንዳስነሣ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጅቡቲ ላይ መርከብ እስኪሳፈር ድረስ የአንድ ደብዳቤን መንገድ ቢከተል ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። እኛም ወደቡንና አሮጌውን የባቡር መንገድ እያየን የምናድግ የጅቡቲ ኮሚኒቲ ተማሪዎች ስለሆንን፣ ታሪኩ የሠፈራችን ታሪክ ነው። ዓመቶቹን የጻፍነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ከስዊዘርላንድ እስከ አንኮበር

ሙሴ ኢልግ በ1846 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቅ ስዊዘርላንድ በምትገኘው በፍራውንፌልድ ከተማ ተወለዱ። በወጣትነታቸው መጀመሪያ የእጅ ሙያ ተማሩ፤ ቀጥሎም ዙሪክ በሚገኘው ፖሊቴክኒክ ገብተው ምሕንድስና አጠኑ። ያደጉባት አገር ባሕር የላትም፤ ተራራማ ናት። በእሳቸው የልጅነት ዘመን በየሸለቆው የባቡር ሐዲድ ይዘረጋ ነበር። ወደብ የሌለው አገር ከዓለም ጋር ለመገናኘት በጎረቤት ምድር ማለፍ እንዳለበት የስዊስ ሰው ማስተማር አያስፈልገውም። ይህ ነገር ኋላ ለሥራቸው ጠቅሟቸዋል ብለን እናምናለን።

በዚያ ዘመን የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ሙያ ያለው የውጭ አገር መሐንዲስ ይፈልጉ ነበር። ጥያቄያቸው ዓደን ላይ ይሠራ በነበረ የስዊስ ንግድ ቤት በኩል ስዊዘርላንድ ደረሰ። ኢልግ ጥሪውን ተቀብለው ከሁለት የአገራቸው ባለሙያዎች ጋር ጉዞ ጀመሩ። በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ሲገቡ ዕድሜያቸው 24 ዓመት ብቻ ነበር።

ንጉሡ እንግዳውን ሲፈትኑ መጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ ሠርተው እንዲያሳዩአቸው አዘዟቸው ተብሎ ይተረካል። ከዚያ በኋላ ግን ትልልቅ ሥራዎች መጡ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠሩ። ወደ ቤተ መንግሥቱ ውኃ በቧንቧ አስገቡ። ቋንቋውን ለመዱ፤ አማርኛ በሚገባ ይናገሩ ነበር። በሥራም በጠባይም የምኒልክን እምነት አገኙ፤ በአንድ ጊዜ ግንበኛ፣ አስተርጓሚና አማካሪ ሆኑ።

ቀን የሚቆጥር መርከብ፣ ቀን የማይቆጥር መንገድ

በዚያ ጊዜ ደብዳቤ በኢትዮጵያ ውስጥ እንዴት ይሄድ እንደነበር እናስታውስ። መልእክተኛው ዘንጉን ጫፉ ላይ ሰንጥቆ ደብዳቤውን ያጣብቅበታል፤ ያንን ከፍ አድርጎ ይዞ በእግሩ ይጓዛል። ዘንጉን ያየ ሁሉ የጌታ መልእክተኛ መሆኑን ያውቃል። ወደ ባሕር የሚሄድ ደብዳቤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሲራራ ነጋዴ ጠብቆ ነበር የሚነሣው። ግመሉና አጋሰሱ እስኪጫን፣ መንገዱ ሰላም እስኪሆን፣ ወንዙ እስኪጎድል ይጠበቃል። ጉዞው በሳምንታት የሚቆጠር ነበር።

ኢልግ ይህን ችግር ከሌላ ሰው አልሰሙትም፤ ራሳቸው ኖረውበታል። ግጥም መጻፍ ትቶ በሐረር ንግድ ይዞ ከነበረው ከፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ጋር በእነዚያ ዓመታት ይጻጻፉ ነበር። አንዱ ሐረር፣ ሌላው ሸዋ ሆነው ስለ ዕቃ፣ ስለ ዋጋና ስለ ሒሳብ የተለዋወጧቸው ደብዳቤዎች ዛሬም ድረስ ተጠብቀዋል። በመልእክተኛና በሲራራ እጅ የሄዱ ነበሩና ዛሬ የተጻፈው መልስ የሚያገኘው ስንት ሳምንት አልፎ ነበር።

ባሕሩ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ነበር። የስዊዝ ቦይ በ1862 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ከአውሮፓ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚሄዱ የእንፋሎት መርከቦች ቀይ ባሕርን አቋርጠው በደጃችን ያልፉ ጀመር። ሸራ ያለው መርከብ ነፋስ ይጠብቃል፤ የእንፋሎት መርከብ ግን ድንጋይ ከሰል ካገኘ በቀጠሮው ይሄዳል። መንግሥታት ደብዳቤያቸውን እንዲያደርሱላቸው ለመርከብ ኩባንያዎች ገንዘብ ይከፍሉ ነበር። ኩባንያዎቹም በምላሹ በተወሰነ ቀን ለመነሣትና በተወሰነ ቀን ለመድረስ ውል ይገቡ ነበር። ፈረንሳይ ይህን ሥራ የሰጠችው ለሜሳዠሪ ማሪቲም ኩባንያ ነበር፤ መርከቦቹ ከማርሴይ ተነሥተው በስዊዝ በኩል ይመጡ ነበር።

ጅቡቲም የተወለደችው ከዚሁ የመርከብ ነገር ነው። ፈረንሳይ ከቻይና ጋር ስትዋጋ እንግሊዞች ዓደን ላይ ለጦር መርከቦቿ ከሰል ከለከሏት። ስለዚህ መጀመሪያ ኦቦክን፣ ኋላም ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለችውን ጅቡቲን የራሷ የከሰል ማደያ አደረገች። መርከቡ ከሰል ለመጫን ሲቆም የፖስታ ከረጢትም ያወርዳል፤ ሌላም ይጭናል።

እንግዲህ ዋናው ችግር ይህ ነበር። በባሕሩ በኩል ቀን ቆጥሮ የሚመጣ መርከብ አለ። በየብሱ በኩል ቀን የማይቆጥር መንገድ አለ። መርከቡ ከወደቡ ከተነሣ ከአንድ ሰዓት በኋላ የደረሰ ደብዳቤ የሚቀጥለው መርከብ እስኪመጣ ወደቡ ላይ ይቀመጣል። ሙሴ ኢልግ ያሰቡት ይህን ክፍተት በሐዲድ ለመድፈን ነበር።

1886 ዓ.ም.

በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ለሙሴ ኢልግ የባቡር መንገድ የመሥራት ፈቃድ ሰጧቸው። ፈቃዱ ለ99 ዓመት የሚቆይ ሲሆን መንገዱ በሦስት የተከፈለ ነበር፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ኢልግ ሥራውን የያዙት ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሊዮን ሸፍኖ ጋር በመሆን ነው። ኩባንያውም ፓሪስ ላይ ተቋቋመ።

በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ፖስታ በአዋጅ ተመሠረተ። ለፖስታው የሚሆኑት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ውስጥ ታተሙ። ሰባት ዓይነት ናቸው። ከሩብ ግርሽ እስከ 2 ግርሽ ባሉት አራቱ ላይ የዐፄ ምኒልክ መልክ አለ፤ 4፣ 8 እና 16 ግርሽ በሆኑት ሦስቱ ላይ ደግሞ ዘውድ የጫነ አንበሳ አለ። ሥዕሉን የቀረጹት በፈረንሳይ ቴምብሮች የታወቁት ባለሙያ ሙሾን ናቸው።

ባቡሩና ፖስታው በአንድ ዓመት መታሰባቸው ለእኛ ትርጉም አለው። ሐዲድ ዕቃ ያመላልሳል፤ ቴምብር ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ቴምብር ያተመ መንግሥት ለዓለም የሚለው፣ ይህን ደብዳቤ የላከው ራሱን የሚያስተዳድር አገር ነው፣ ዋጋውም ተከፍሏል ነው። ችግሩ ይህን ሌሎች መቀበላቸው ላይ ነበር።

በበርን በር ላይ

በ1867 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ ዋና ከተማ በበርን አገሮች ተሰብስበው የፖስታ ኅብረት መሥርተው ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። ላኪው በአገሩ አንድ ጊዜ ቴምብር ይለጥፋል፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤው በስንት አገር፣ በስንት ባቡርና በስንት መርከብ ቢያልፍ ማንም እንደገና አያስከፍለውም። አንዱ አገር የሌላውን ከረጢት ተቀብሎ ያሳልፋል። መርከብና ባቡርን ያስተሳሰረው ሐዲድና ወደብ ብቻ አልነበረም፤ ይህ ስምምነትም ጭምር ነው።

ዐፄ ምኒልክ ኢትዮጵያ የኅብረቱ አባል እንድትሆን በስዊዘርላንድ መንግሥት በኩል ጠየቁ። አገሩ የኢልግ የትውልድ አገር ነው፤ መንገዱን የሚያውቁትም እሳቸው ነበሩ። ኢጣሊያ ግን ተቃወመች። በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው በውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ መሠረት ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር የምትነጋገረው በእኔ በኩል ብቻ ነው የሚል ክርክር አነሣች። ምኒልክ ይህን ትርጉም አልተቀበሉትም፤ ውሉንም አፍርሰውት ነበር። ሆኖም የፖስታው ጥያቄ በዚያን ጊዜ ሳይሳካ ቀረ።

ተማሪዎች ስለ ዓድዋ ስንማር 17ኛውን አንቀጽ እናጠናለን፤ ደብዳቤ ውስጥ መግባቱን ግን ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር። አንድ የመንግሥት ባለሥልጣን፣ አንድ ነጋዴ ወይም አንዲት እናት ለውጭ አገር በጻፉት ፖስታ ላይ የአገራቸው ቴምብር ብቻውን ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው ጥያቄ የዚያው የነጻነት ጥያቄ ቁራሽ ነበር።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል ሲገኝ ሙሴ ኢልግ አውሮፓ ነበሩ። እዚያ ሆነው የኢትዮጵያን ጉዳይ ለጋዜጦችና ለባለሥልጣናት ያስረዱ ነበር። ከዚያ በኋላ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፋኒ ጋር ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በ1889 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የመንግሥት አማካሪ የሚል ማዕረግ ሰጧቸው። ከየአገሩ የሚመጣው መልእክተኛ ሁሉ በእሳቸው በኩል ማለፍ ጀመረ።

ሁለት ቴምብር

ከድሉ በኋላም ቢሆን ኢትዮጵያ የኅብረቱ አባል እስክትሆን ድረስ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ ሁለት ዋጋ ይከፈልበት ነበር። እስከ ጠረፍ ድረስ የምኒልክ ቴምብር ይሠራል። ከዚያ ወዲያ ለመርከቡ ደግሞ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት የጅቡቲ ቴምብር ይጨመርበታል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ፖስታዎች ላይ የሁለት መንግሥት ቴምብር ጎን ለጎን ተለጥፎ ይታያል፤ ዛሬ ቴምብር ሰብሳቢዎች በጣም የሚፈልጓቸው ናቸው። ፈረንሳዮችም በኢትዮጵያ ከተሞች የራሳቸውን ፖስታ ቤት እስከ መክፈት ደርሰው ነበር።

ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲደርስ

የሐዲዱ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ ስፋቱ አንድ ሜትር የሆነ ጠባብ ሐዲድ ነው። በረሃው ሙቀት ነበረው፤ ውኃ አልነበረውም። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ድንገተኛ ጎርፍ የተሠራውን ያፈርሳል። በሆልሆል ገደል ላይ ረጅም የብረት ድልድይ መሥራት ግድ ሆነ። መሬታቸው በማያውቁት ሰው ሲቆፈር ያዩ የኢሳ ጎሣ ሰዎች ሠራተኞቹን ያጠቁ ነበር፤ በዚያም ሥራ ብዙ ሰው ሞቷል።

መጀመሪያ የታሰበው ሐዲዱ ሐረር እንዲደርስ ነበር። ተራራው ግን ለባቡር የማይመች ሆነ። ስለዚህ በተራራው ግርጌ አዲስ ከተማ ተቆረቆረች፤ እሷም ድሬዳዋ ናት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ደረሰ። ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ያለው 310 ኪሎ ሜትር ያህል በአንድ ቀን ያልቅ ጀመር። ባቡሩ የሚጓዘው በቀን ብርሃን ብቻ ነበር።

አሁን ደብዳቤው በሦስት እጅ ያልፋል። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ በበቅሎ፣ ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከጅቡቲ ማርሴይ በመርከብ። ሥራው ያለው በማቀባበሉ ላይ ነው። ስሌቱ ደግሞ ከኋላ ወደ ፊት ነው። መጀመሪያ መርከቡ ጅቡቲ የሚገባበትን ቀን ታውቃለህ። ከዚያ ቀድሞ የሚደርሰው ባቡር ከድሬዳዋ የሚነሣው መቼ እንደሆነ ታያለህ። ከዚያ ደግሞ በቅሎው ድሬዳዋ የሚገባበትን ታሰላለህ፤ ለክረምት ጭቃና ለአዋሽ ሙላት ጥቂት ቀን ትጨምራለህ። ያን ጊዜ ነው አዲስ አበባ ላይ ከረጢቱ የሚታሰርበት ቀን የሚታወቀው። ከረጢቱ ታስሮ በማኅተም ይታሸጋል፤ በውስጡ ያለው በዝርዝር ይጻፋል፤ ተቀባዩም ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሮ ይረከባል። ማኅተሙ የተነካ እንደሆነ ከረጢቱ በማን እጅ ሳለ እንደተነካ ይጠየቃል።

ከሁሉ የዘገየው የመንገዱ ክፍል ጉዞውን ሁሉ ይወስናል። ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ የቀረው 470 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ በጨርጨር ተራሮች ወይም በታች በበረሃው በኩል ይታለፋል። ያ መንገድ በበቅሎ እግር ላይ እስካለ ድረስ ባሕሩ ላይ የተገኘው ፍጥነት ግማሹ ይባክናል። ሙሴ ኢልግ ሐዲዱ አዲስ አበባ እንዲደርስ የጓጉት ስለዚህ ነው።

መንገዱ የማን ነው?

ሐዲዱ ግን ድሬዳዋ ላይ ቆመ። ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት። የእንግሊዝ ባለገንዘቦች ድርሻ መግዛት ጀመሩ። ይህን ያየችው ፈረንሳይ በ1894 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር ተዋዋለች፤ በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ልትሰጥ፣ በምትኩም በኩባንያው ላይ ሥልጣን ልታገኝ። ዐፄ ምኒልክ አልተጠየቁም ነበር። ፈቃዱን የሰጡት ለኩባንያ እንጂ ለመንግሥት አልነበረምና እጅግ ተቆጡ። ሐዲዱ ወደ መሐል አገር እንዲቀጥል ሳይፈቅዱ ቀሩ።

የንጉሡ ፍርሃት መሠረት ነበረው። ደብዳቤና ቡና የሚያመጣ ባቡር ወታደርም ያመጣል። የመንገዱ ባለቤት ሌላ መንግሥት ከሆነ በሩም የእሱ ነው። ባቡሩ ሲቆም ግን የተጎዳው የኢትዮጵያ ንግድና ፖስታ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ሁለቱንም ያውቁ ነበር፤ የፈለጉት መንገዱን እንጂ ጌታ አልነበረም።

ሙሴ ኢልግ በዚህ መካከል ተያዙ። ፈቃዱ የተሰጠው በእሳቸው ስም ነበር፤ በኩባንያውም ጥቅም ነበራቸው። በሌላ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ናቸው። አንድ ሰው ሁለቱንም መሆኑ ለሐሜት በር ከፈተ። ኢጣሊያኖችና እንግሊዞች ለፈረንሳይ ያደላሉ ይሏቸው ነበር፤ ፈረንሳዮች ደግሞ ምኒልክን ለማግባባት በቂ አልሠሩም ብለው ይቀየሟቸው ነበር። እኛ በዚህ መጽሔት ሰውየውን እንደ መልአክ ልናቀርባቸው አንፈልግም፤ ራሳቸውም ነጋዴ ነበሩ። ነገር ግን ከሁሉም ወገን መወቀሳቸው ሥራቸው ምን ያህል ከባድ እንደነበር ያሳያል።

በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ላይ ያላቸውን ጥቅም ተከፋፍለው ለንደን ላይ ተፈራረሙ፤ የባቡሩም ጉዳይ በዚያ ውስጥ ነበር። ሙሴ ኢልግ በዚያው ጊዜ ገደማ ሥራቸውን ለቀው፣ ሃያ ሰባት ዓመት ያህል የኖሩባትን ኢትዮጵያን ተሰናብተው ወደ ዙሪክ ተመለሱ። የመሠረቱት ኩባንያም ከሰረ፤ ሐዲዱን የሚቀጥል ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተተካ።

ከሄዱ በኋላ

የጀመሩት ሁሉ የተፈጸመው እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው። ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የተለጠፈ የምኒልክ ቴምብር በባቡሩም በመርከቡም ላይ ብቻውን በቂ ሆነ። ሁለተኛው ቴምብር ቀረ፤ በኢትዮጵያ የነበሩት የፈረንሳይ ፖስታ ቤቶችም ተዘጉ።

ሙሴ ኢልግ በ1908 ዓ.ም. ዙሪክ ውስጥ ዐረፉ። ዕድሜያቸው 61 ዓመት ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው። አላዩትም። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ፤ በድሬዳዋና በአዋሽ እየታደረ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። በሳምንታት ይቆጠር የነበረው የደብዳቤ መንገድ ሦስት ቀን ሆነ ማለት ነው። የበቅሎውን ቦታ ባቡር ተካው፤ መርከቡን የሚጠብቅ ሰውም ቀኑን ማወቅ ቻለ።

እኛ ከዚህ ታሪክ የተማርነው፣ መልእክት የሚደርሰው በፈጣኑ መርከብ ብቻ እንዳልሆነ ነው። ከእጅ ወደ እጅ የሚያቀባብሉት ሁሉ ተማምነው ሲሠሩ ነው የሚደርሰው። ለዚህም ሐዲድና መርከብ ብቻ አይበቃም፤ የላኪው አገር ስምና ቴምብር በሌላው ዘንድ መከበር አለበት። ሐዲዱን ገንዘብ ያለው ሊሠራው ይችላል። መከበሩን ግን ኢትዮጵያ ራሷ መክፈል ነበረባት፤ በዓድዋም፣ በበርንም ከፈለች።

ወላጆችን አንድ ነገር እንለምናለን። በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የአያቶች ደብዳቤ ካለ ፖስታውን አትጣሉት። ልጆቻችሁን ጠርታችሁ አብራችሁ ተመልከቱት። ከፊቱ የተነሣበት ከተማ ማኅተም አለ፤ ከጀርባው ብዙ ጊዜ የደረሰበት ማኅተም ይገኛል። በሁለቱ ቀኖች መካከል ስንት ቀን እንዳለ ቁጠሩ። ድሬዳዋ፣ ጅቡቲ ወይም አዲስ አበባ የሚል ያገኘ ተማሪ ፖስታውን ወደ ትምህርት ቤት ይዞ ቢመጣ በታሪክ ክፍለ ጊዜ አብረን እናነበዋለን።